መሬቱ አይሸጥም፤ ዛፉ ግን ይሸጣል፦ በደጋ መንደር የንብረት ነገር

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች የአንድን አርሶ አደር ሀብት ለማወቅ ጎተራውን ብቻ ማየት አይበቃም። በበረቱ የሚያድሩት በጎች፣ ገበያ የሚያደርሰው ፈረስ፣ ጥንድ በሬ ወይም የአንድ በሬ እኩሌታ፣ ከጓሮ የቆመው ባሕር ዛፍ፣ በማሳ ላይ ያለው ገብስና ድንች ሁሉ ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሣጥን ግርጌ የሚቀመጠው የይዞታ ደብተር አለ።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ግቢ ይኑሩ እንጂ በሕግ ፊት አንድ ዓይነት አይደሉም። በሬው ይሸጣል፤ ዛፉም ይሸጣል፤ መሬቱ ግን አይሸጥም። በገጠር ከሚነሱ ክርክሮች በርካታዎቹ የሚወለዱት ከዚህ ልዩነት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። በዚያ ዕለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትንም አስቀረ። ኋላም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ለአርሶ አደሩ መሬትን በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ሰጠው። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ሐሳብም ሰፍሯል። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የገነባው ቤትና ያደረገው ቋሚ መሻሻል የራሱ ነው፤ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል። በጽሕፈት ቤት ቋንቋ አርሶ አደሩ «ባለይዞታ» እንጂ «ባለርስት» የማይባለውም ለዚህ ነው።

ደብተሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ሲሆን፣ የመጀመሪያው አረንጓዴ ደብተር ካርታ አልነበረውም። ማሳው በገመድ ተለክቶ በአዋሳኞቹ ስም ይጻፍ ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን የወል ግጦሽ፣ በደቡብ መንገድ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ግን ያረጃል። አዋሳኙ ይሞታል፤ ወንዙ በክረምት ሞልቶ መሄጃውን ይቀይራል፤ መንገዱም ይሰፋል። የሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ከአየር በተነሣ ምስል ላይ ማሳውን ለይቶ የራሱን መለያ ቁጥርና ካርታ የሚሰጠው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ተደርጎ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ሄዶ የራስን ማሳ አለማየት ዋጋ ያስከፍላል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከመሬቱ በቋሚነት ለሚነሣ አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰላ ደንግጓል። በደብተሩ ላይ አንሶ የተጻፈ ማሳ ካሣውም ያንሳል።

በክልሉ በ1989 ዓ.ም ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሱት ወጣቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። መሬት የሚያገኙት በአብዛኛው በውርስ፣ በስጦታ ወይም የሌላውን ሰው ማሳ በእኩል በማረስ ነው። አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ በግ የሌለው በርቢ ተቀብሎ ግልገሉን ይካፈላል። መንደሩ የሚኖረው በእንዲህ ያለው መተሳሰብ ነው። ችግሩ ስምምነቱ ከቃል ወይም ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት አለማለፉ ነው።

ባሏ የሞተባትን አንዲት እናት እናስብ። ሦስት ጥማድ መሬት አላት፤ በሬ የላትም። ልጇ ታሞ ለሕክምና ገንዘብ ሲያስፈልጋት አንዱን ጥማድ ለጎረቤቷ በወለድ አገድ ትሰጣለች። ጎረቤቷ ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ ማሳውን ያርሳል፤ ምርቱም የወለድ ፈንታ ይሆንለታል። ዓመታት ያልፋሉ። ገንዘቡ አይመለስም፤ የማሳው ድንበር ይታረሳል፤ ልጆችም ይህ ማሳ የጎረቤት ነው እያሉ ያድጋሉ። ደብተሩ ግን እስካሁን በእርሷ ስም ነው። ከማሳው ጋር ደብተሩንም አሳልፋ ሰጥታ ከሆነ ክርክሩ የከበደ ይሆናል።

የባሕር ዛፉ ውል ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። ዛፉ የባለይዞታው ንብረት ስለሆነ መሸጡ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ውሉ «ዛፉን ሸጫለሁ» ብቻ ካለ፣ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ የማን ነው? ገዢው «ለሁለት ቆረጣ ነው የገዛሁት» ቢልስ? ያን ጊዜ የተሸጠው ዛፍ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ መሬቱም ለበርካታ ዓመታት በገዢው እጅ ይቆያል። አንዳንዶች የመሬት ሽያጭን በዛፍ ሽያጭ ስም የሚሸፍኑትም በዚህ ቀዳዳ ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ስንት ዛፍ፣ እስከ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ጉቶው የማን እንደሆነ መጻፍ ይበቃል።

መሬትን ማከራየት ግን የተፈቀደ ነው። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 አርሶ አደሩ ከይዞታው በማይፈናቀልበት መጠን እንዲያከራይ ፈቅዶ፣ በማሳው የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰቡ አባላት ሁሉ እንዲስማሙና ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተርም በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ያዘዘው ይኸው አዋጅ ነው። በ2016 ዓ.ም የተተካው በአዋጅ ቁጥር 1324 ሲሆን፣ አዲሱ አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። በወለድ አገድ መሬቷን ለምታስይዝ እናት ይህ ሌላ በር ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ደብተሩ በሕይወት ባለ ሰው ስም ሲሆን ነው።

በብዙ ቤቶች የሚጎድለውም ይኸው ነው። አባት ሲሞት ተዝካሩ ይወጣል፤ በሬውና በጉ ለልጆች ይከፋፈላል፤ ደብተሩ ግን በሟቹ ስም እንዳለ በሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ወንድማማቾች በስምምነት እስካረሱ ድረስ ማንም አያስታውሰውም። ከተማ የገባችው እህት ድርሻዋን ስትጠይቅ ነገሩ ይነሣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ቢደነግግም፣ «አግብታ ሄዳለች» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል።

ሽማግሌዎች ድንበርን ሲያስታርቁ በአብዛኛው ይሳካላቸዋል፤ የትኛው ድንጋይ የት እንደነበረ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸውና። ዕርቁ ግን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ካልሠፈረ የሚቆየው ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ ነው። የስም ዝውውር የሚፈልግ ወራሽ አሮጌውን ደብተር፣ የወራሽነት ማስረጃውንና የስምምነት ውሉን ይዞ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት፣ ሰው ከአጨዳና ከውቂያ ፋታ ሲያገኝ፣ ጉዳዩን መጨረስ ይቀላል።