የግብር እፎይታው ለማን ይደርሳል?

የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከጸደቀ ወዲህ፣ ነጋዴ በተሰበሰበበት ሁሉ የሚሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ «እኛ ከስረንም እንከፍላለን፣ ዞን ውስጥ ያለው አትርፎም አይከፍልም።» እሮሮው መሠረት አለው። አዋጁ ያመጣው ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የሚታሰበው በትርፍ ሳይሆን በዓመታዊ ሽያጭ ላይ ነው፤ 2.5 በመቶ። ከ100 ብር ሽያጭ 5 ብር የሚያተርፍ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በመደበኛው 30 በመቶ ቢሰላ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርስበት ነበር። አሁን 2 ብር ከ50 ይከፍላል፤ የትርፉን ግማሽ ማለት ነው። ትርፉ ከሽያጩ 8.3 በመቶ የማይሞላ ማኅበር ሁሉ ከመደበኛው በላይ ይከፍላል።

ከእሮሮው ቀጥሎ የሚመጣው ማብራሪያ ግን ስህተት ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኮችና በዞኖች ስላሉት ባለሀብቶች «ግብር ስለተተወላቸው መጡ፣ ግብር ቢጠየቁ ይሄዳሉ» ይባላል። ይህን ባለሥልጣኑም ተቺውም ይጋሩታል። አንዱ ስኬት ይለዋል፣ ሌላው ዝርፊያ፤ እፎይታው ባለሀብት እንደሚስብ ግን ሁለቱም አይጠራጠሩም። እኔ አልስማማም።

የሚተወው ግብር የትርፍ ግብር መሆኑን ልብ እንበል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንውሰድ። ወደ ውጭ የሚልክ አምራች እስከ 10 ዓመት ከትርፍ ግብር ነፃ እንዲሆን ተፈቅዷል። አንድ የልብስ ፋብሪካ 100 ዶላር ሸጦ 5 ዶላር አተረፈ እንበል። ከ5 ዶላር ላይ 30 በመቶ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የእፎይታው ዋጋ ይኸው ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ በሚያሠለጥንበት፣ ትእዛዝ በሚለምንበትና በሚከስርበት የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ የሚተወው ግብር ራሱ የለም።

አሁን በሌላው ወገን ያለውን ሒሳብ እንይ። አሜሪካ ከጥጥ በተሠራ ቲሸርት ላይ የምትጥለው መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው፤ በሰው ሠራሽ ክር በተሠራው ላይ 32 በመቶ። ቀረጡ የሚያርፈው በትርፍ ላይ አይደለም፤ በዕቃው ዋጋ ላይ ነው። የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ አጎዋ፣ ይህን ያስቀር ስለነበር በ100 ዶላር የጥጥ ቲሸርት ላይ የሚገኘው ጥቅም 16 ዶላር ከ50 ነበር፤ ከግብር እፎይታው 11 እጥፍ። የሰሜኑ ጦርነት ተባብሶ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅና በታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ከግብር እፎይታው አንድ ቀን እንኳ አልተቀነሰም። ቢሆንም ፋብሪካዎችን ማቆየት አልቻለም። ሠራተኛም ተበተነ።

ታዲያ እፎይታው ማንን ይጠቅማል? ከ100 ዶላር ሽያጭ 40 የሚያተርፍ ድርጅት 12 ዶላር ይተርፈዋል። ይህን ያህል የሚያተርፍ ግን ቀድሞውንም የሚመጣበት ምክንያት አለው። ሌላው ተጠቃሚ ከዞኑ አጥር ውስጥም ከአጥሩ ውጭም እህት ኩባንያ ያለው ነው፤ እርስ በርስ በሚሸጡበት ዋጋ ትርፉን ወደ ውስጥ ይስበዋል። እፎይታው የጠገበውን እያጎረሰ የተራበውን ያልፋል።

ድሬዳዋ ለዚህ የተሻለ ትምህርት አላት። ከተማዋን የቆረቆራት የግብር ምሕረት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው ባቡር ነው። አሮጌው ሐዲድ ሲዳከም የከተማዋ ንግድም ተዳከመ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና እዚያው ሲከፈት ብዙ ሰው ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገዛ መስሎት ነበር። ከቀጣናው ወደ አገር ውስጥ ገበያ የሚወጣ ዕቃ ግን ቀረጡን ይከፍላል። ጥቅሙ በጊዜው ላይ ነው፤ አስመጪው ዕቃውን እዚያ አስቀምጦ፣ ባወጣ ቁጥር በከፊል ይከፍላል፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይታሰርም። ይህ ብዙም ለማያተርፈው ነጋዴም ይደርሳል። ከጂቡቲ የሚመጣው አዲሱ ባቡርና መብራቱ ሳይቆራረጡ ከሠሩ ድሬዳዋን የሚያነሣት ይህ ነው።

የዞኖቹን ሪፖርት በተመለከተ ጥርጣሬዬን አልደብቅም። «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ኤክስፖርት ተደረገ» ሲባል፣ ለጨርቁ፣ ለክሩና ለቁልፉ ወደ ውጭ የወጣው ዶላር ካልተቀነሰ ቁጥሩ ስለ ከተማው ምንም አይነግረንም። «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲባልም ገብተው የወጡት መቀነስ አለባቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ሠራተኛውም በዓመት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይቀያየር ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የተቀጠረን ሁሉ መደመር ከተማ አያሳድግም።

ሒሳቡን በትክክል አለመሥራት የሚያመጣው መዘዝም ቀላል አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በ6.625 በመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ ተበድራለች፤ ከፓርኮቹም የተወሰኑት ከዚሁ ብድር ተገንብተዋል። ወለዱን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መክፈል አቃተን። በተጨማሪ ከ130 በላይ አገሮች የተስማሙበት የ15 በመቶ ዝቅተኛ ግብር በየአገሩ ሕግ እየሆነ ነው፤ ዓመታዊ ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮ ከደረሰ ኩባንያዎች እኛ የተውነውን ሌላ መንግሥት ሊሰበስበው ይችላል።

ፓርኮቹ በአዋጅ ቁጥር 1322/2016 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን መሆን ጀምረዋል። ከስሙ ጋር የማበረታቻው ዓይነትም ይቀየር። የትርፍ ግብር እፎይታው ቀርቶ፣ ባለሀብቱ ለማሽን፣ ለሥልጠናና ከአካባቢው ገበሬና አምራች ለሚገዛው ዕቃ ባወጣው ልክ ቅናሽ ይሰጠው። በሽያጭ ላይ የሚጣለው 2.5 በመቶም በትንሽ ትርፍ የሚሠራውን የአገር ውስጥ ነጋዴ ስለሚቀጣ በዚሁ ሚዛን ይመርመር። ገንዘብ ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ የዞን ድርጅት የተተወውን ግብር፣ ድርጅቱ አገር ውስጥ ካስቀረው ዶላርና በሥራ ላይ ካቆየው ሠራተኛ ጎን አድርጎ በየዓመቱ ያትም። ከስሮም የሚከፍለው ነጋዴ ይህን ሒሳብ የማየት መብት አለው።