ከቢሮ መልስ የምትቀር ብርሃን

በታኅሣሥ በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አልፎ በጥቂት ደቂቃ ነው። የመንግሥት ቢሮ 11፡30 ላይ ይዘጋል። ስኬትቦርድ መንዳት ያማረው አንድ የእስቴ ሠራተኛ፣ ቤት ደርሶ ጫማ እስኪቀይር ያለው ሲቀነስ፣ ግማሽ ሰዓት ብርሃን ቢተርፈው ነው። በሰኔ ፀሐይዋ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ትቆያለች፤ ግን ያኔ ክረምት ይገባል።

«በግማሽ ሰዓት ምን ይሠራል? ቅዳሜን ሙሉውን ብወጣ ይሻለኛል» የሚል ብዙ ነው። እኔ እንዲህ አላምንም። ምክንያቴም አንጎል እንቅስቃሴን የሚማርበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ባድሌይና ሎንግማን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለሠራተኛ ሰው የተሠራ ይመስለኛል። የተጠኑት የፖስታ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ የጽሕፈት ቁልፍ መምታት መልመድ ነበረባቸው። ከቡድኖቹ አንዱ በቀን 1 ሰዓት ብቻ ተለማመደ፤ ሌላው በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት። አንድ ሰዓት የተለማመዱት ቁልፎቹን በ35 ሰዓት ገደማ ያዙ። አራት ሰዓት የሚቀመጡት ወደ 50 ሰዓት ፈጀባቸው። በቀን ሲቆጠር ግን ቀድመው የጨረሱት እነዚህኞቹ ናቸው፤ ለዚህም ይመስላል በአሠራሩ ከሁሉ ያነሰ የረኩት አንድ ሰዓት የተለማመዱት የሆኑት። በደንብ እየተማሩ ወደ ኋላ የቀሩ መሰላቸው። ከሥራ ወጥቶ ለሠላሳ ደቂቃ ቦርድ ላይ የሚቆም ጎልማሳም ይኸው ስሜት ያገኘዋል፤ ስሜቱን እንዳያምነው እመክራለሁ።

ቁልፍ መምታትና መዝለል አንድ አይደሉም፤ እውነት ነው። ግን የመጀመሪያውን ዝላይ፣ ኦሊን፣ እንመልከት። የኋላ እግር የቦርዱን ጅራት መሬት ላይ ይመታል፤ አፍንጫው ይነሣል፤ የፊት እግር የቦርዱን ሸካራ ገጽ እየታከከ ወደ ፊት ይንሸራተትና ቦርዱን አየር ላይ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። እያሰቡ ማረሚያ ፋታ የለም። ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ አንጎል ውስጥ መሰናዳት አለበት፤ በራስ ቅል ውስጥ በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎልም የታሰበውን ከሆነው ጋር እያነጻጸረ በየሙከራው ያቃናዋል።

ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በግራ እጃቸው ጣቶች አንድ ቅደም ተከተል እንዲመቱ አለማመዷቸው። አድረው ሲመለሱ 20 በመቶ ያህል ፈጥነው ነበር፤ ለ12 ሰዓት ነቅተው የቆዩት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። እንግዲህ ቅዳሜን ሙሉ ቀን የሚያሳልፍ ሰው አንዲት ሌሊት ብቻ ያተርፋል። ያንኑ ሰዓት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ላይ የከፈለ ሦስት ሌሊት። በዚያ ላይ የደከመ እግር ዘግይቶ ይነሣል፤ የሚወድቅ ሰው በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረውም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። አንጓ የተጎዳበት ሠራተኛ ለሳምንታት መጻፍ አይችልምና የአንጓ መከላከያ ማሰር ግድ ይለዋል።

ዕድሜን የሚፈሩ ስኬትቦርድ ነጂውን አንዲ ማክዶናልድን ያስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ለብሪታንያ ሲወዳደር 51 ዓመቱ ነበር።

ከሰዓት ይልቅ የሚያስቸግረው መሬቱ ነው። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. በብዙ በጎ ፈቃደኞች ጉልበት የተሠራ የሲሚንቶ ስኬትፓርክ አላት፤ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የተባለው የሴቶች ስብስብም ከተማዋ ውስጥ ልጃገረዶችን እያሰባሰበ ያሠለጥናል። እንዲህ ያለ ቦታ በሌለበት ያለው ኮብልስቶን ግን ለትናንሽና ደረቅ ጎማ አይሆንም፤ ጎማው በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይገባል፣ ቦርዱ ቀጥ ሲል ሰውየው ወደ ፊት ይቀጥላል። ሰፋና ለስለስ ያለ ጎማ ይህን ያቀልለዋል። ኦሊ ለመልመድ ደግሞ መንገድ አያስፈልግም፤ ቆሞ ይለመዳልና አራት እርምጃ የሚሆን የተጠረገ የሲሚንቶ ወለል ይበቃል።

ክረምት ሲገባ ኩሽኔታው እንዳይዝግ ቦርዱ ቤት ይግባ። ምንጣፍ ላይ ጎማው አይሽከረከርም፤ እግር ግን ቦታውን ያጠናል። አሥር ደቂቃ፣ ከእራት በፊት፤ ከዚያ መተኛት።