«ሳይነስ» ያልነው ማጅራት

አዲስ አበባ፣ ባምቢስ አካባቢ ፀጉሬን የምቆረጥበት ቤት አለ። ልጁ መቁረጡን ሲጨርስ ትከሻዬን አሸት አሸት ያደርግና አንድ እጁን አገጬ ሥር፣ ሌላውን ከራሴ ጀርባ አድርጎ «ዘና በል» ይለኛል። ገና ዘና ሳልል ቀጭ! ወደ ሌላው ጎን ያዞረውና ደግሞ ቀጭ! ሒሳቤን ከፍዬ፣ ቲፕ ጨምሬ፣ አመስግኜ እወጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን እንደ ሕክምና ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

ምክንያት ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ቀኝ ማጅራቴን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ቀስ እያለ በጆሮዬ ጀርባ ይዞርና ከዓይኔ በላይ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ቀኝ፤ አንድም ቀን ወደ ግራ ተሻግሮ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ ሳማርር ሁሉም ሐኪም ሆነ። «ሳይነስ ነው» አለኝ አንዱ። «ነርቭ ነው» አለች ሌላዋ። እናቴ በስልክ «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቀህ በቡና ጠጣበት» አለችኝ። ጠጣሁ። ቡናው ጥሩ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ግንባሩን የያዘ ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ባይ ነው። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሳይነስ አለብን የሚሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን መርምሮ 88 በመቶዎቹ ላይ ያገኘው የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት ነበር። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተሳተፉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን 17.7 በመቶ፣ ውጥረት ወለድ የሚባለው ራስ ምታት ደግሞ 20.6 በመቶ አዋቂዎችን እንደሚይዝ አሳይቷል። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሳቸውን የሚያማቸው 3.2 በመቶ ነበሩ። እኔ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነበርኩ፤ የእኔ መነሻ ግን ከራስ ቅል በታች ሆኖ ተገኘ።

አንገት ታሞ ግንባርን እንዴት ያመዋል? ባምቢስ ታክሲ መውረጃ ላይ ቆማችሁ ከሚኒባሱ የሚወርደውን ሰው ተመልከቱ። ከመገናኛ የተሳፈረውም ከሃያ ሁለት የተሳፈረውም የሚወርደው በአንድ በር ነው። ውጭ ለቆመ ሰው ማን ከየት እንደተሳፈረ መለየት አይቻልም። በአንጎላችን ግርጌ፣ አከርካሪ ሰረሰር በሚጀምርበት ቦታም እንዲሁ ነው። የግንባርንና የዓይን አካባቢን ስሜት ይዞ የሚመጣው አምስተኛው የራስ ነርቭ እና ከአንገት የሚነሡት የላይኞቹ ሦስት ነርቮች መልእክታቸውን የሚያራግፉት አንድ ማዕከል ላይ ነው። ከላይኞቹ የአንገት መገጣጠሚያዎች የመጣውን ጩኸት አንጎል «ከግንባር ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ልቡን ያመመው ሰው ግራ ክንዱን የሚይዘውም በዚሁ ዓይነት ስህተት ነው። ነገሩ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃደኞች ማጅራት ጡንቻ ውስጥ ጨዋማ ውኃ በመርፌ ሲሰጡ ሰዎቹ ያመማቸው ግንባራቸውን ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው የነርቭ ሐኪም ኦታር ሻስታድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዚህ ሕመም «ከአንገት የሚመነጭ ራስ ምታት» የሚል ስም ሰጡት።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ባምቢስ ስሙን ያገኘው ከግሪኮቹ ሱፐርማርኬት ነው። ከአጠገቡ ያለው ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ»። ከስሙ ጀምሮ የቢሮ ሰው ሰፈር ነው ማለት ነው። የቢሮ ሰው አንገት ደግሞ ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ተተክሎ ይውላል። ከቢሮው ውጭም ቢሆን ሹሩባ የምትሠራዋን ልጅ ተመልከቱ፤ ጎንበስ እንዳለች ሦስት ሰዓት ያልፋታል፤ ጉልበቷ መካከል የተቀመጠችው ደንበኛም አንገቷን አዘንብላ አብራ ትውላለች።

እዚህ ላይ በየስልኩ የሚዞረውን ሥዕል ማንሣት ግድ ነው፦ «ስልክ ሲያዩ አንገትዎ 27 ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን። ቁጥሩ የወጣው አንድ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ2014 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ሞዴል ካደረጉት ስሌት ነው፤ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጭንቅላት 60 ዲግሪ ሲያዘነብል በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና መጨመሩ እውነት ነው። ስልክ አይቶ የሚውል ሁሉ ግን አንገቱን አይታመምም፤ ጥናቶቹም እርስ በርስ አይስማሙም። እኔን ያሳመነኝ ሐሳብ ሌላ ነው፤ መጥፎ አቀማመጥ ከሚባለው ይልቅ የማይለወጥ አቀማመጥ ይጎዳል። አንገት ቀና ብሎም ቢሆን ከተተከለ ይደክማል።

አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ታሻሻኛለች ብዬ ሸሚዜን ላወልቅ ስል «ቆይ፣ መጀመሪያ የምትውጠውን ንገረኝ» አለችኝ። በሳምንት አራትና አምስት ቀን ፓራሲታሞል እንደምወስድ ነገርኳት። ይህ ጥያቄ የወግ አይደለም። ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትራማዶልን የመሰሉት ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊወልድ ይችላል። እኔ ወሰኑን አልፌ ነበር።

ከዚያ በጀርባዬ አስተኛችኝና አገጬን ደረቴ እስኪነካ አጥፋ ራሴን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረች። አንገት እንዲህ ሲታጠፍ የታችኞቹ አጥንቶች ይቆለፉና መዞሩ ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ብቻ ይቀራል። ጤነኛ አንገት በዚህ ሁኔታ ወደየጎኑ 44 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። የእኔ ግራው ሄደ፤ ቀኙ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ያቺ የማውቃት ሕመም ከዓይኔ በላይ ብቅ አለች። ሁለት ዓመት ሳይነስ ስለው የኖርኩት ነገር በሁለት ደቂቃ አድራሻው ተገኘ። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ማይግሬን ያለበትም ሰው ብዙ ጊዜ ማጅራቱን ያመዋል፤ ስለዚህ አንገቴን አመመኝ ማለት ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

ሕክምናው ለዓይን የሚሞላ አይደለም። የደነደነውን መገጣጠሚያ በጣቷ ጫፍ ደጋግማ በዝግታ ትገፋዋለች። ቀሪው የእኔ ሥራ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ራስን ሳያነሡ፣ በጣም ትንሽ ራስን ነቅነቅ አድርጎ «አዎ» ማለት፤ አሥር ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የሚፈለገው ከጉሮሮ ኋላ አጥንቱን ታቅፈው የሚሄዱትን ጥልቅ ጡንቻዎች ማንቃት ነው። እነሱ ሲሰንፉ ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረት የሚወርደው ገመድ መሰል ጡንቻ ያለ ሥራው ገብቶ ይወጠራል። እሱ ሲገተር ካያችሁ እንቅስቃሴውን አብዝታችኋል።

ለዚህ ዘዴ በብዛት የሚጠቀሰው ማስረጃ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በፕሮፌሰር ግዌን ጀል የተመራው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ከአንገት የሚመነጭ ራስ ምታት ያለባቸው 200 ሰዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ፦ በእጅ የሚታከሙ፣ እንቅስቃሴ የሚሠሩ፣ ሁለቱንም የሚያገኙ፣ ምንም የማይደረግላቸው። ሕክምናው ስድስት ሳምንት ብቻ ቆየ፤ ከዓመት በኋላም የታከሙት ሰዎች ያገኙት ለውጥ አልጠፋም። በእጅ መታከምና እንቅስቃሴ በየፊናቸው ሠርተዋል፤ ሁለቱን ማጣመር ግን ብዙ ብልጫ አላሳየም። የእኔ ለውጥ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ በወር ሁለት ቀን ብቅ ይላል።

ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቀጭታ ስንመጣ፣ ድምፁ የሚሰማው መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ መካከል የጋዝ ክፍተት ሲፈጠር ነው፤ ወልቆ የነበረ ነገር ገባ ማለት አይደለም። በሁለቱም ጎን በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ሥር አለ። በድንገት ሲጠመዘዝ ግድግዳው ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ብርቅ ነው፤ ሲደርስ ግን ወጣትም አይምርም። ወጌሻዎቻችን ለወለምታ የሚመሰገኑበት እጅ አላቸው፤ አንገት ግን የእነሱም የፀጉር አስተካካዩም ቦታ አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስትም የማይነካው ራስ ምታት አለ። እንደ መብረቅ በድንገት የመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ መታየትን፣ የአፍ መኮላተፍን፣ የእጅ እግር መዛልን ያስከተለ ከሆነ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሌላውን ራስ ምታት ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊያየው ይችላል። ፊዚዮቴራፒ በአገራችን በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዛሬ ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችና በግል ክሊኒኮች ባለሙያዎቹ አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ለአራት ሳምንት ያመማችሁን ቀን፣ ጎኑንና የዋጣችሁትን ክኒን በወረቀት መዝግባችሁ ያዙ። ከሦስት ቀጠሮ በኋላም መታሸት ብቻ ሆኖ ቤት የምትሠሩት አንድም እንቅስቃሴ ካልተሰጣችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።