የታይሚንግ ቺንጋን በራስ እጅ ስለመቀየር

ጅቡቲ ከተማ ወርደው ጋራዥ ውስጥ ሥራ የሚሞክሩ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁን ስለ ፍሬንና ስለ ዘይት ነው። ዛሬ ግን ስለ ታይሚንግ ቺንጋ እንነጋገር። ሰው ቤት ተጠርቶ ለሚሠራ ልጅ ጥሩ ፍራንክ የሚያስገኘው እሱ ነው፤ ዕዳ ውስጥ የሚከተውም እሱው ነው።

ቺንጋው ጎማ ነው፤ ውስጡ በጠንካራ ክር የተሠራ፣ በአንድ ጎኑ ጥርስ ያለው። ኮሎውን ከካምሻፍቱ ጋር አያይዞ ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያደርጋል። በብዛት ከተመረቱ መኪኖች መጀመሪያ የተገጠመለት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የወጣው የጀርመኑ ግላስ 1004 ነው። ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች በጥርስ ማርሽ ስለሚሠሩ እዚያ ላይ ቺንጋ አትፈልጉ። የድሮ ናፍጣ ሂሉክስ (2ኤል፣ 3ኤል) እና ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድ ክሩዘር ግን ባለ ቺንጋ ናቸው።

የሒሳብ መምህራን ይህችን ለክፍል ውሰዱልን። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። የኮሎው ፑሌጃ 24 ጥርስ ካለው የካምሻፍቱ 48 ይሆናል ማለት ነው። አንድ ጥርስ ብትስቱ ካምሻፍቱ በ7.5 ዲግሪ ይዛነፋል፤ በኮሎው ሲቆጠር 15 ዲግሪ!

በእነዚህ ቶዮታዎች የተለመደው መቀየሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ካምሲን የሚያመጣው አቧራም ስላለ፣ እኔ ቀደም ብሎ መቀየሩን እመርጣለሁ። በድሮው ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ኮሮላ ቺንጋው ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይጎዳም። በናፍጣው ግን ፒስተን ቫልቭ ይመታል፣ ቴስታታ ይወርዳል።

ሥራውን ጎህ ሲቀድ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጀምሩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የውጭ ቺንጋዎቹን፣ የኮሎውን ፑሌጃና ክዳኑን አውጡ (የፑሌጃው ቡሎን እልኸኛ ነው፤ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ አስገቡ)። ከዚያ ኮሎውን በቁልፍ እያዞራችሁ ምልክቶቹን ሁሉ አገናኙ። ናፍጣ ከሆነ የኮሎ፣ የካምሻፍትና የናፍጣ ፓምፕ፣ ሦስቱም በየምልክታቸው ይቁሙ። ክዳኑ ላይ ያለ ምልክት ካልታያችሁ በነጭ ቀለም ራሳችሁ አድርጉ። ወጣሪውን አላልታችሁ አሮጌውን ካወጣችሁ በኋላ ምንም ነገር አታዙሩ። ዘይት የሚያፈስ ጎሚኒ ካለ አሁኑኑ ቀይሩ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። የወጣሪው ኩሽኔታ ሲዞር ድምፅ ካለውም እንደዚሁ።

አዲሱን ሳታጣምሙ አግቡ፣ ወጣሪውን ልቀቁ። አሁን ነው ቁም ነገሩ፦ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጅ፣ በራሱ አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ምልክቶቹ ተመልሰው ከተገናኙ ወጣሪውን አጥብቁ። መሃል ላይ ደንቆ እምቢ ካለ ግን አታስገድዱ፤ ቫልቭ ነክታችኋል፣ ፈታችሁ እንደገና።

አንድ የማውቀው ልጅ ባልባላ ውስጥ ሰው ግቢ ሲሠራ ይህችን ሁለት ዙር «መሽቷል» ብሎ ዘለላት። ቁልፉን ጠመዘዘ፤ አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ዝም። ቫልቮቹ ተጣመው ነበር። የተዋዋለው ለቺንጋ ነው፣ የከፈለው ግን ለቴስታታ፤ ለወራት ያለ ደመወዝ ሠራ። እጁ እኮ ጥሩ ነበር።

የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የመሥራት መብት ሰጥቶናል፤ ስለዚህ ውላችሁንም በወረቀት አድርጉት። ቺንጋውን ማን እንደሚገዛ፣ ቀድሞ የነበረ ብልሽት ካለ ምን እንደሆነ ባለቤቱ ፊት ጻፉ። ሲያልቅም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ክዳኑ ላይ ለጥፉ፤ ቀጣዩ መካኒክ እሱን ነው መጀመሪያ የሚፈልገው።