ዝግባ ያረፈበት ሳቮያ፦ የሞዴል አውሮፕላን ዲካል

የሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች «ዲካል» የሚሉት በስስ የቫርኒሽ ሽፋን ላይ የታተመ አርማ፣ ቁጥርና ጽሑፍ ነው። ሞዴሉ ተገጣጥሞ ቀለም ከተቀባ በኋላ ይለጠፍበታል። ፕላስቲኩ የአውሮፕላኑን ዓይነት ያሳያል፤ የማን እንደነበረና በየትኛው ዘመን እንደበረረ የሚነግረን ግን ዲካሉ ነው። የሊባኖስ አየር ኃይል ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል።

ይህ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1949 ሲቋቋም ከጣሊያን አራት ሳቮያ ማርኬቲ ኤስ ኤም 79 አውሮፕላኖችን አገኘ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን የምናውቀው በሌላ ገጹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የፋሽስት ጣሊያን ቦምብ ጣይ ሆኖ ድሬዳዋ ሰፍሮ ነበር። ሊባኖሶች ግን የማጓጓዣ አውሮፕላን አደረጉት። የጣሊያን ምልክት ጠፍቶ በምትኩ ቀይ ቀለበት፣ በውስጡ ነጭ ክብ፣ በነጩም ላይ አረንጓዴ የሊባኖስ ዝግባ ሰፈረበት።

የሞዴል አምራቾቹ ኤርፊክስና ኢታለሪ ይህን አውሮፕላን በ1፡72 ምጥን አምርተውታል። 21 ሜትር የሚያህለው የክንፍ ርዝመት በሞዴሉ ላይ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አርማም ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዚያች ጠባብ ቦታ ሦስት ቀለም ሳይዛነፍ መታተም አለበት። አረንጓዴው በትንሹ እንኳ ከቦታው ቢንሸራተት ዝግባው ከክቡ መሐል ይወጣል። ነጩም ብርሃን የማያሳልፍ ካልሆነ የአውሮፕላኑ ቀለም ከሥር ይታያል። የተለመዱት የቤት ማተሚያዎች ነጭ ቀለም ስለሌላቸው እንዲህ ያለውን አርማ በቤት ማተም ከባድ ነው።

ዲካሉ የሚታተመው ውኃ በሚያሟሟው ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው። ተቆርጦ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰከንዶች ከቆየ በኋላ ወጥቶ ሙጫው እስኪላላ ይጠበቃል። ከዚያ ወረቀቱ ሞዴሉ ላይ ተጠግቶ ሽፋኑ በእርጥብ ብሩሽ ይገፋል፤ ቦታውን ሲይዝም ውኃው በጨርቅ ቀስ ተብሎ ይመጠጣል።

ትልቁ ጠላት አየር ነው። የማያብረቀርቅ ቀለም በዓይን ባይታይም ሻካራ ስለሆነ፣ በሽፋኑና በቀለሙ መካከል አየር ይታፈንና ብር የመሰለ ነጸብራቅ ይፈጥራል። ስለዚህ ሞዴሉ አስቀድሞ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል። ማይክሮ ሶል የመሰለ ማለስለሻ ፈሳሽ ደግሞ ሽፋኑን አለስልሶ በመስመሮችና በጎድጓዶች ውስጥ እንዲሰምጥ ያደርገዋል። በመጨረሻ የሚቀባው የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ የዲካሉን ጠርዝ ከቀለሙ ጋር ያዋሕደዋል።

ዛሬ በዓለም ላይ ሙሉ አካላቸው የተረፈው የኤስ ኤም 79 አውሮፕላኖች ሁለት ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሊባኖስ ያገለገሉ ናቸው። አንዱ ሮም አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ፣ ሌላው በትሬንቶ ካፕሮኒ ሙዚየም ይገኛሉ። የቪኛ ዲ ቫሌው የጣሊያንን የጦርነት ዘመን ቀለም ለብሶ ነው የቆመው፤ ከጥፋት ያተረፈው የሊባኖስ አገልግሎት በአካሉ ላይ አይነበብም። ያን ዘመን በትክክል የሚያሳይ ሞዴል መሥራት የተረሳ ታሪክን መመለስ ነው። ይህን ሥራ የምትጀምሩ አንባቢዎች ሆይ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን የተነሣ ፎቶግራፍ ፈልጉ፤ የአርማውን ቦታና መጠን ከዚያ ውሰዱ።