229 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ መክሰር

ስም ያለው ሱቅ ከነደንበኛው የተረከበ ነጋዴ ግማሽ መንገዱን የጨረሰ ይመስለዋል፡፡ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎችም ሕዝብ የወደደውን የቆየ አስቂኝ ፊልም እንደ አዲስ ሲሠሩ የሚይዙት ስሌት ይኸው ነው፡፡ ስሙ ታውቋል፣ ተመልካቹም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ይላሉ፡፡ ስሌቱ የት ላይ እንደሚፋለስ ለማየት «ጎስትባስተርስ» ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡

በኒውዮርክ ከተማ መናፍስት እያሳደዱ ስለሚይዙ ሰዎች የሚተርከው የመጀመሪያው ፊልም በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይቫን ራይትማን አዘጋጅነት ሲቀርብ ወጪው 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፡፡ በመጀመሪያው ዙር በአሜሪካና በካናዳ ሲኒማ ቤቶች ብቻ 229 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፡፡ ሶኒ በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ሲገዛ ይህም ስም አብሮ ዞረለት፡፡

ሶኒ በ2016 ፊልሙን በፖል ፊግ አዘጋጅነት፣ በአራት ሴት መሪ ተዋናዮች እንደ አዲስ ሠራው፡፡ ወጪው 144 ሚሊዮን ዶላር፣ ገቢው ደግሞ በመላው ዓለም 229 ሚሊዮን ሆነ፡፡ ቁጥሩ ከ32 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ዶላሩ ግን ያው ዶላር አይደለም፡፡ በ1984 የአሜሪካ ሲኒማ ትኬት አማካይ ዋጋ 3 ዶላር ከ36 ሳንቲም ነበር፤ በ2016 ግን 8 ዶላር ከ65 ደርሷል፡፡ ሲካፈል የመጀመሪያው 68 ሚሊዮን ያህል ትኬት ሲሸጥ፣ አዲሱ በዚያው በሰሜን አሜሪካ ገበያ 15 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፡፡

ከትኬቱ ሽያጭ ግማሽ ያህሉን ባለ ሲኒማ ቤቶች ያስቀራሉ፡፡ በመሆኑም ከ229 ሚሊዮኑ ለኩባንያው የሚደርሰው 115 ሚሊዮን ገደማ ነው፡፡ ይህ የማስታወቂያው ወጪ ሳይነሳ የማምረቻውን እንኳ አይሸፍንም፡፡ «ሆሊውድ ሪፖርተር» ኪሣራው ከ70 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ ሲገምት፣ ሶኒ ቁጥሩ ተጋኗል ብሎ ተከራክሯል፡፡

ሣቅ እንደ ሌላ ሸቀጥ አይደለም፡፡ የጦርነት ፊልም እንደገና ሲሠራ ፍንዳታውን ማብዛት ያስኬዳል፤ ቀልድ ግን ሰው ሳይጠብቀው ካልመጣ አያስቅም፡፡ ነባሩ ተመልካች ደግሞ ቀልዱን በቃሉ ይዞታል፡፡ ቢደግሙለት ይሰለቻል፣ ቢለውጡበት የራሱን ንብረት እንደነኩበት ይቆጣል፡፡ የ2016ቱ ፊልም ገና ማስታወቂያው እንደታየ ነበር ቁጣው የተነሳው፡፡ (በተዋናይቷ ሌስሊ ጆንስ ላይ የወረደው ስድብ ዘረኝነት እንጂ የገበያ ፍርድ አልነበረም፡፡) በሌላ በኩል ቀልድ ቋንቋ መሻገር ይከብደዋል፤ ቻይናን የመሰለ ገበያም ፊልሙ ሳይታይበት ቀርቷል፡፡

ይሁንና ተሳዳቢዎቹ የ144 ሚሊዮኑን በጀት አላጸደቁም፡፡ የመጀመሪያውን ፊልም ከጻፉት አንዱ የሆኑት ዳን አክሮይድ በ2017 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀርበው ፊልሙን ካመሰገኑ በኋላ፣ ወጪው ግን ከልክ ያለፈ እንደነበር ተናግረዋል፡፡

ቀጥሎ የሆነው ይህንኑ ያጠናክራል፡፡ በ2021 የአይቫን ልጅ ጄሰን ራይትማን ታሪኩን ከነባሮቹ ተዋናዮች ጋር አስቀጠለ፡፡ ወጪው 75 ሚሊዮን፣ ሽያጩ 204 ሚሊዮን ዶላር ነበር፡፡ ከ2016ቱ በ25 ሚሊዮን ያነሰ ሸጦም ሶኒ ሌላ ክፍል እንዲሠራ አዘዘ፡፡ በ2024 ወጪው ወደ 100 ሚሊዮን ሲያድግ ሽያጩ በዚያው በ202 ሚሊዮን ቆመ፡፡ በእኔ ግምት የዚህ ስም ገበያ ስፋቱ ይኸው ከ200 እስከ 230 ሚሊዮን ዶላር ያለው ነው፤ ኩባንያው መቆጣጠር የሚችለው ወጪውን ብቻ ነው፡፡

ፓራማውንት በ2025 በ1988 የወጣውን «ኔክድ ገን» ከሊያም ኒሰን ጋር እንደገና ሲያመጣ የመደበው 42 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሽያጩም 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል፡፡