አሮጌ ፋብሪካ ሲገዛ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ዕዳ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሲሪንቃ ሁለት ጎረቤታሞች ጡረታ ወጡ እንበል። አንደኛው በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሁለተኛው ጉልበታቸውን የጨረሱት ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የግል ፋብሪካ ነው። ሁለቱም ጡረተኛ ይባላሉ፤ ቋታቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው በመንግሥት ሠራተኞች፣ ሁለተኛው በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ይታቀፋሉ። የሁለተኛው ሰው አበል የሚወሰነው ፋብሪካው በየወሩ መዋጮውን በማስገባቱ ወይም ባለማስገባቱ ነው። ፋብሪካ ሊገዛ ወይም አክሲዮን ሊይዝ ያሰበ ባለሀብት ነገሩን ከዚህ ላይ መያዝ ይኖርበታል።

የጡረታ ጉድለት በዓለም ገበያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1852 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ስቱድቤከር ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. የሳውዝ ቤንድ የመኪና ፋብሪካውን ሲዘጋ ለሠራተኞቹ የገባውን ቃል የሚሸፍን ገንዘብ በጡረታ ፈንዱ ውስጥ አልነበረም። ዕድሜያቸው 60 የሞላው ሙሉውን አገኙ። ከ4 ሺህ የሚበልጡ፣ ለዓመታት ያገለገሉ ሠራተኞች ግን የሚገባቸውን 15 በመቶ ያህል ብቻ ይዘው ወጡ። አሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. የጡረታ ዋስትና ሕግ ያወጣችው ከዚህ ትምህርት ወስዳ ነው።

የኢትዮጵያ ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ፋብሪካው የራሱን የጡረታ ካዝና አይዝም፤ መዋጮው ወደ አገር አቀፍ ፈንድ ይገባል። የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ታቀፉ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። መዋጮው ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። በ2003 ዓ.ም. ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታው እንዲገቡ ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት መዝገብ ሊገኝ ይችላል።

ጉድለቱ የሚፈጠረው እንዴት ነው? 400 ሠራተኞች ያሉትና በአማካይ 5,000 ብር የሚከፍል ፋብሪካ ለምሳሌ ይወሰድ። የወር ደመወዙ 2 ሚሊዮን ብር፣ መዋጮው 360,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 140,000 ብሩ ከሠራተኛው ኪስ የተቆረጠ፣ የፋብሪካው ያልሆነ ገንዘብ ነው። ጥሬ ዕቃ የተወደደበት ወይም የውጭ ምንዛሪ ያጣ ሥራ አስኪያጅ ይህን ገንዘብ "ለጊዜው" ቢያዞረው በአንድ ዓመት 4.32 ሚሊዮን ብር ዕዳ ይከመራል።

በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ስሌት 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህ ቀመር በአማካይ 5,000 ብር ደመወዝ 30 ዓመት የሠራ ሰው 2,750 ብር ይደርሰዋል። የአምስት ዓመት መዝገቡ ቢጠፋ ወደ 2,437 ብር ከ50 ሳንቲም ይወርዳል። ለሲሪንቃው ጡረተኛ በየወሩ የሚቀረው 312 ብር ከ50 ሳንቲም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሌላው ቀዳዳ ያለው በፈንዱ በራሱ ላይ ነው። የጡረታ ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲውል ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የገበያ ጨረታ እስኪጀመር ድረስ የሰነዱ ወለድ ከዋጋ ንረቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ የተጠራቀመው ብር ቁጥሩ ሳይቀንስ የመግዛት አቅሙ ቀልጧል።

ገዢው ሊዘነጋው የማይገባው ሌላ ሒሳብም አለ፤ የሥራ ስንብት ክፍያ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዩ እያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ከ12 ወር ሳይበልጥ ይከፈላል። በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። እነዚያ 400 ሠራተኞች 25 ዓመት ያገለገሉ ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው የዘጠኝና የሁለት ወር፣ ማለትም 55,000 ብር፣ በጠቅላላው 22 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። የባለቤትነት መለወጥ የሥራ ውሉን ስለማይነካው የአገልግሎት ዘመኑ ከነዕዳው ወደ ገዢው ይሸጋገራል። የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለውም ሕጉ ይደነግጋል።

በመሆኑም ሕንፃና ማሽን አስገምቶ ዋጋ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። የደመወዝ ሊስቱ ከመዋጮ ገቢ ደረሰኙ ጋር በየወሩ መመሳከር፣ የሠራተኞች የጡረታ መለያ ቁጥር መረጋገጥ፣ የስንብት ክፍያ መጠባበቂያው በኦዲት ሪፖርቱ ላይ መኖሩ መታየት አለበት። ጉድለት ከተገኘ ከመሸጫው ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ ወይም ሻጩ ከፍሎ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይደረጋል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ነባር ፋብሪካዎች አክሲዮናቸውን ይዘው ወደዚህ ገበያ ሲመጡ የትርፉን መስመር ብቻ አንብቦ የሚገዛ ሰው የሌላውን ሰው የጡረታ ዕዳ ገዝቶ ሊገኝ ይችላል።